አንደርዶግ ምንድን ነው? «ምስኪን» ማለት እንኳ አይደለም

ሰሞኑን አንድ ትርጉም ፊልም እያየሁ ነበር። የአሜሪካ ኮሌጅ ኮሜዲ ነው። ስካር፣ ድግስ፣ ብልግና የበዛበት ቀልድ። ተራኪው ልጆቹን በጠራ ቁጥር «ምስኪኖቹ» ይላል፤ «አንደርዶግ» ማለቱ ነው፣ ከሚበረታበት ጋር የሚገጥም ወገን። ምስኪኖቹ ቢራ ሰረቁ። ምስኪኖቹ በመስኮት ሴት ልጅ አጮልቀው አዩ። ሦስተኛው «ምስኪኖቹ» ላይ ስደርስ ዘጋሁት።

ተራኪው ብቻውን አይደለም። እኔ ስክሪፕት እያረምኩ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። «ዋናው ገጸ ባሕርይ አንደርዶግ ነው» ተብሎ የሚመጣልኝ ልጅ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። አባቱ ሞቶበታል፣ ጫማው ተቀዷል፣ ለማኝ ሲያይ ያለችውን ሳንቲም ይሰጣል። እሺ፣ ደግ ልጅ ነው። ከማን ጋር ነው የሚገጥመው? እዚህ ላይ ጸሐፊው ዝም ይላል።

ቃሉ የመጣው ከውሻ ውጊያ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለት ውሾች ሲናከሱ ከሥር የዋለው ማለት ነበር። ከሥር የዋለው ውሻ ጨዋ ነው ያለ ሰው የለም። ከላይ ካለው የባሰ ተናካሽ ሊሆን ይችላል። ቃሉ ቦታውን ነው የሚነግረን፣ ጠባዩን አይደለም። የስፖርት ጋዜጠኞቻችን «ዝቅተኛ ግምት የተሰጠው ቡድን» ይላሉ። ይረዝማል፣ ግን ልክ ነው።

እኛ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ተረት አለን፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። ልብ በሉ፣ ተረቱ ድሩ ደግ ነው አይልም። ስለ ድሩ የሚነግረን ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ቀጭን ነው፣ ያብራል። ከዚያ አንበሳው ይመጣል። አንበሳ ከሌለ ድር ምንድን ነው? ለበዓል ቤት ሲጸዳ በመጥረጊያ የምናወርደው ነገር ነው።

አኒማል ሃውስን እንውሰድ። በፈረንጆቹ 1978 የወጣ፣ ጆን ላንዲስ ያዘጋጀው ፊልም ነው። በ3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠርቶ ከ100 ሚሊዮን በላይ አስገብቷል። ታሪኩ የ1962 ነው፤ ፌበር የሚባል በፈጠራ የቆመ ኮሌጅ ውስጥ ዴልታ የተባለ የተማሪዎች ቤት፣ ማለትም አብረው የሚኖሩ ወንድ ተማሪዎች ማኅበር፣ አለ። ብሉቶ የሚባለው አባላቸው አማካይ ውጤቱ 0.0 ነው። 

ስለዚህ ፊልም አንድ አስተያየት ሰጪ የጻፈውን አነበብኩ። «እነዚህ እኮ በአባታቸው ገንዘብ የሚሰክሩ ቅምጥሎች ናቸው፤ የምን አንደርዶግ?» ይላል። ወንድሜ፣ መረጃህ ልክ ነው። እንዲያውም ልጨምርልህ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ክሪስ ሚለር ታሪኩን የቀዳው ዳርትመዝ ኮሌጅ ከነበረው ትዝታ ነው። ዳርትመዝ ደግሞ ያኔም ቢሆን የድሃ ልጅ መናኸሪያ አልነበረም። ግን ግጥሚያው ዴልታ ከድህነት ጋር አይደለም። ዴልታ ከኮሌጁ ዲን ጋር ነው፤ ዲኑ ደግሞ ኦሜጋ የሚባለውን የጨዋ ልጆች ቤት ከጎኑ አሰልፏል። ልኬቱ የሚወሰደው ከግጥሚያው ውስጥ ነው። ከግቢው ውጭ ያለው ሀብት አይቆጠርም።

ዲኑ እውነተኛ አንበሳ ነው። ልጆቹን የያዛቸው «ድርብ ምስጢራዊ ፕሮቤሽን» በሚባል ቅጣት ነው፤ ተቀጪዎቹ መቀጣታቸውን አያውቁም። በኋላም ያባርራቸዋል። ማባረር ብቻ አይደለም፤ ለወታደርነት ብቁ ሆነዋል ብሎ ለየአካባቢያቸው የግዳጅ ውትድርና ምልመላ ቦርድ አስታውቋል። በዚያ ዘመን ይህ ቀልድ አልነበረም።

አሁን ሙያዬ ያመጣውን ልናገር፣ ማንም ባይጠይቀኝም። የፊልሙን ሙዚቃ የሠራው ኤልመር በርንስታይን ነው፤ «አሥርቱ ትእዛዛት» የተባለውን የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ፊልም ሙዚቃ የሠራው ሰውዬ። ላንዲስ የጠየቀው አስቂኝ ሙዚቃ አልነበረም፤ ድራማ እንደሆነ አድርገህ ሥራው ነው ያለው። ለምን? አንበሳውን ካሳቅንበት ድሩ ምንም አላሰረም። የእኛ ኮሜዲዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይወድቃሉ። ዳይሬክተሩን፣ ዘበኛውን፣ ሀብታሙን አጎት ገና ሲገቡ ጅል ያደርጓቸዋል። ከጅል ጋር ተጋጥሞ ማሸነፍ ምን ይባላል?

ተረቱን ትንሽ ልለጥጠው፣ ይቅርታ። አንበሳ የሚያስረው ድር በአዘቦቱ ቀን ምን ይሠራል? ዝንብ ይይዛል። እዚህ ጋ ነው «ምስኪን» የሚለው ትርጉም የሚያናድደኝ። ኦተር የሚባለው የዴልታ ልጅ ከሞተች ተማሪ ጋር ታጭቼ ነበር ብሎ፣ ኀዘንተኛ መስሎ፣ ጓደኛዋን ይዞ ይወጣል። ብሉቶ መሰላል ላይ ወጥቶ ሴቶች ሲያወልቁ ያያል። እነዚህ ሴቶች ከዴልታ አንጻር ሲታዩ ማን ነው ከሥር ያለው?

በ1984 የወጣው ሪቬንጅ ኦቭ ዘ ነርድስ ደግሞ የባሰ ነው። የኳስ ተጫዋቾቹ የራሳቸውን ቤት አቃጥለው የፍሬሾቹን ዶርም ይቀማሉ። ነርዶቹ፣ ማለትም መነጽር ለባሾቹ የመጽሐፍ ቀበኞች፣ ጂም ውስጥ ይተኛሉ። እስከዚህ ድረስ አንጀት ይበላሉ። ከዚያ የሴቶቹ ቤት ውስጥ ካሜራ ይደብቃሉ፣ የአንዷን እርቃን ፎቶ ይሸጣሉ። ዋናው ልጅ ጭምብል አጥልቆ፣ ፍቅረኛዋ መስሎ ከዚያችው ልጅ ጋር ይተኛል። ዛሬ ብዙ ተቺዎች አስገድዶ መድፈር ይሉታል፤ እኔም ሌላ ስም አላገኘሁለትም። ፊልሙ ግን እሷው እንድትወደው አድርጓል።

«ታዲያ አንደርዶግ አይደሉማ!» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። ናቸው። ከኳስ ተጫዋቾቹ ጋር ሲገጥሙ ናቸው። ከልጅቷ ጋር አይደሉም። አንድ ሰው በአንድ ቀን፣ በአንድ ግቢ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ፊልሙ የመጀመሪያውን ግጥሚያ አስመስክሮ የሁለተኛውን ሂሳብ ሊያዘጋ ሞከረ። «ምስኪኖቹ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ይህንኑ ሂሳብ በነጻ ይዘጋላቸዋል።

በነገራችን ላይ የአኒማል ሃውስ ጸሐፊዎች ይህን ሳያውቁት አልቀሩም። ፊልሙ ሲያልቅ ልጆቹ በኋላ ምን እንደሆኑ በጽሑፍ ይነግረናል። ብሉቶ፣ ያ አማካይ ውጤቱ 0.0 የነበረው ልጅ፣ ሴናተር ሆኗል።