የምርጫ ሰሞን ዘጋቢ ፊልም ምንድን ነው?

የምርጫ ሰሞን ዘጋቢ ፊልም የሚባለው ስለ አንድ ዕጩ፣ ስለ ፓርቲ ወይም መራጩን ስለሚያነጋግር ጉዳይ ተሠርቶ የድምፅ መስጫው ቀን ሲቃረብ ለሕዝብ የሚለቀቅ ፊልም ነው። ከሌላው የሚለየው በቀኑ ነው። ያው ፊልም ምርጫው ካለፈ ከስድስት ወር በኋላ ቢወጣ እንደማንኛውም ዘጋቢ ፊልም ይታያል። ሦስት ቀን ሲቀረው ከወጣ ግን ሰው ገና ሳያየው «ማን ሠራው? በማን ገንዘብ? ለምን አሁን?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄዎቹም ተገቢ ናቸው።

ከባዱ ነገር ጋዜጠኝነት የሚያበቃበትንና ቅስቀሳ የሚጀምርበትን ቦታ መለየት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣችው የማኬይን–ፋይንጎልድ ሕግ ይህን በቁጥር ለመወሰን ሞክራ ነበር። አንድ ስርጭት በሕጉ ሥር የሚወድቀው በቴሌቪዥን፣ በሬዲዮ፣ በኬብል ወይም በሳተላይት ሲተላለፍ፣ የፌዴራል ዕጩን ለይቶ ሲጠቅስ፣ ከፓርቲዎች የዕጩ መረጣ በፊት ባሉት 30 ወይም ከአጠቃላይ ምርጫው በፊት ባሉት 60 ቀናት ውስጥ ሲወጣ፣ እንዲሁም 50,000 ሰው ጋ ሊደርስ ሲችል ነው። ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ለእንዲህ ያለው ስርጭት ከካዝናቸው ገንዘብ ማውጣት አይችሉም ነበር። ሲኒማ ቤትና ዲቪዲ ግን በክልከላው አልተካተቱም፤ ቀጥሎ የመጣው ጣጣም ከዚሁ ክፍተት ጋር የተያያዘ ነው።

በ2004 ጁን ወር ፕሬዝዳንት ጆርጅ ቡሽን ክፉኛ የሚተቸው የማይክል ሙር «ፋረንሃይት 9/11» ሲኒማ ቤት ገባ። «ሲቲዝንስ ዩናይትድ» የተባለ ወግ አጥባቂ ድርጅት የፊልሙ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሕጉን ይጥሳል ብሎ ለፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን አቤት አለ። ኮሚሽኑ አቤቱታውን ውድቅ አደረገው። ድርጅቱም ራሱ ፊልም ወደ መሥራት ገባ። በ2008 ለፓርቲያቸው የፕሬዝዳንት ዕጩነት ይወዳደሩ የነበሩትን ሂላሪ ክሊንተንን የሚነቅፍ የ90 ደቂቃ ፊልም ሠርቶ፣ 1.2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ተመልካቹ በኬብል ቴሌቪዥን በነጻ መርጦ እንዲያየው ሊያደርግ አሰበ። ይህ ደግሞ 30 ቀኑ ውስጥ የሚወድቅ የኬብል ስርጭት ነው። ቅጣት ስለፈራ አስቀድሞ ፍርድ ቤት ሄደ።

ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ በማርች 2009 ክርክር ላይ ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ አንድ ጥያቄ አነሱ። 500 ገጽ ያለው መጽሐፍ መጨረሻው ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር «ለእገሌ ድምፅ ስጡ» ቢልስ? የመንግሥት ጠበቃው ኩባንያ ከካዝናው አውጥቶ ያሳተመው ከሆነ ሊከለከል እንደሚችል መለሱ። መጽሐፍ ሊታገድ ነው የሚለው ሐሳብ ችሎቱን አስደነገጠ። ጉዳዩ በሴፕቴምበር እንደገና ተሰማ፤ ጃንዋሪ 21 ቀን 2010 ደግሞ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ የወጪ ክልከላውን ሻረ። ገንዘቡን ማን እንዳወጣ የመግለጽ ግዴታ ግን ጸና። ፊልሙን ያየው ሰው ጥቂት ነው፤ የአሜሪካን የምርጫ ገንዘብ ሥርዓት የለወጠው ግን በእሱ ሰበብ የተሰጠው ውሳኔ ነው።

ድምፅን በቀጥታ ስለመቀየር ከሆነ ማስረጃው ደካማ ነው። «ፋረንሃይት 9/11» በአሜሪካ ብቻ ወደ 119 ሚሊዮን ዶላር አስገባ፤ ቡሽ ግን በኖቬምበር አሸነፉ። ምክንያቱ ብዙም አይከብድም። ትኬት ቆርጦ የፖለቲካ ፊልም የሚያይ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ልቡን የቆረጠ ነው፤ ወላዋዩ መራጭ እንዲህ ያለ ፊልም ፍለጋ አይወጣም። ፊልሙ የራሱን ወገን ያነሳሳል፣ ሊቀር የነበረውን ደጋፊ ወደ ምርጫ ጣቢያ ያወጣል፣ ተቃራኒውን ወገንም በእልህ ያሰባስባል።

ይበልጥ የሚታየው ተጽዕኖ አጀንዳን መቀየሩ ነው። በሜይ 2019 ፖላንድ ውስጥ፣ ካህናት በሕፃናት ላይ ስለፈጸሙት ወሲባዊ ጥቃት የሚያጋልጥ ዘጋቢ ፊልም ከአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ዩቲዩብ ላይ ተለቀቀ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከ10 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታየ። ለቤተ ክርስቲያኗ ቅርብ የነበረው ገዥ ፓርቲ በቀናት ውስጥ ቅጣት የሚያጠብቅ የወንጀል ሕግ ማሻሻያ በምክር ቤት አሳለፈ፤ ምርጫውንም 45 በመቶ አግኝቶ አሸነፈ። ወንበር አልተነቃነቀም፤ ፓርላማው ግን ያላሰበውን ሥራ ሠራ።

የጥሞና ጊዜ የሚባለው፣ ቅስቀሳ የሚቆምበት ጊዜ፣ ሌላው ፈተና ነው። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሦስት የሕግ ምሁራን መንግሥት ለአንድ ወገን አድልቷል ብለው የሚከሱበት «ደርቲ ቮት» የተለቀቀው ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2024፣ የሦስት ቀኑ የጥሞና ጊዜ በጀመረበት ዕለት ነው። ክልከላው የሚመለከተው ተወዳዳሪዎችን ስለሆነ ዜጋ የሠራው ፊልም ቅስቀሳ ነው አይደለም የሚለው አከራከረ። የተነቀፈው ወገን ደግሞ መልስ ለመስጠት ጊዜ አጠረው። በእኔ እምነት ትልቁ የፍትሕ ጉድለት እዚህ ላይ ነው፤ ክሱ እውነት ቢሆን እንኳ መራጩ መልሱንም መስማት አለበት። አድሎው ለእሳቸው ነው የተባሉት ዕጩ ፕራቦዎ ሱቢያንቶ ግን 58 በመቶ ገደማ አግኝተው በመጀመሪያው ዙር አሸነፉ።

ማገድም መፍትሔ ሆኖ አያውቅም። በ2022 የብራዚል የምርጫ ፍርድ ቤት ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የነበሩት ጃይር ቦልሶናሮ በ2018 የምርጫ ቅስቀሳ ላይ በጩቤ ስለመወጋታቸው የተሠራ ፊልም ከኦክቶበር 30ው ሁለተኛ ዙር ምርጫ በፊት እንዳይታይ 4 ለ 3 በሆነ ድምፅ ወሰነ። ክርክሩ ወዲያው ከፊልሙ ወጥቶ ቅድመ ሳንሱር ወደሚለው ዞረ።

እንዲህ ያለ ፊልም የሚሠራ ሰው እያንዳንዱን የትረካ ዓረፍተ ነገር ከነደቂቃው ጽፎ ጎኑ ማስረጃውን ማስፈር አለበት። ለተከሳሹ ወገን «አስተያየት ይስጡን» ብሎ መላክ አይበቃም፤ ክሶቹ አንድ በአንድ ተዘርዝረው፣ ሰነድ አገላብጦ ለመመለስ የሚበቃ ጊዜ ተሰጥቶ ይላካሉ፤ የመጣው መልስም ፊልሙ ውስጥ ይገባል። አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው ቅንብር ላይ ነው። አንድ መልስ ከጥያቄው ተነጥሎ ይቆረጥና ከሌላ ጥያቄ በኋላ ይቀመጣል፣ ወይም የአንድ ዓመት ምስል በሌላ ዓመት ትረካ ላይ ይለጠፋል። አንዲቱ ከተገኘች የቀረው 89 ደቂቃ እውነት መሆኑ አያድነውም።

ተጽዕኖውን ለመለካት የዕይታ ቁጥር አይታመንም። አንድ ሰው አምስት ጊዜ ቢከፍተው አምስት ሊቆጠር ይችላል፤ ጥቂት ሰከንድ አይቶ የዘጋውም እንደዚያው። የተሻለው መንገድ ድምፅ ሰጪዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ወገን ፊልሙን አሳይቶ፣ ሁለቱንም ከዚያ በፊትና በኋላ፣ ከሳምንታትም በኋላ ደግሞ መጠየቅ ነው። ፊልሙ ባለቀ በማግስቱ ብቻ የሚጠየቅ ተመልካች ገና ስሜቱ ስላልበረደ መልሱ ድምፅ መስጫው ቀን ላይ የሚያደርገውን አያሳይም።