ወደ ታይላንድ ከመሄዳችሁ በፊት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለሕክምና፣ ለንግድ ወይም ለሽርሽር ወደ ባንኮክ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። አብዛኛው ሰው የሚዘጋጀው ቀድሞ ከሄደ ዘመድ ወይም ጓደኛ በሰማው ወሬ ነው። ወሬው ግማሹ ያረጀ ነው፣ ግማሹ ደግሞ ለነጋሪው ቢሠራም ለሰሚው አይሠራም። ገንዘብ የሚያስከፍሉት፣ አንዳንዴም ከመንገድ የሚያስመልሱት ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

«የቢጫ ወባ ካርድ የሚጠየቀው አፍሪካ ውስጥ ስንጓዝ ብቻ ነው»

ታይላንድ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች ለሚመጣ መንገደኛ ካርዱን የግድ ትጠይቃለች፤ ኢትዮጵያም ዝርዝሩ ውስጥ አለች። ምክንያቱ ቀላል ነው። በሽታው እስያ ውስጥ የለም፤ አስተላላፊዋ ትንኝ ግን በየሰፈሩ አለች። አንድ ሰው ይዞት ከገባ በሽታው የሚዛመትበት መንገድ ክፍት ነው።

ክትባቱን ቢያንስ ከጉዞው 10 ቀን በፊት ውሰዱ፤ ካርዱ ተቀባይነት የሚያገኘው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ከበረራው ዋዜማ ተከትቦ የሚሄድ ሰው ካርድ ይዞም ካርድ እንደሌለው ይቆጠራል። በሌላ በኩል የቆየ ካርድ ያላችሁ እንደገና መከተብ አያስፈልጋችሁም። ከሐምሌ 2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም የጤና ደንብ መሠረት አንድ ክትባት ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ካርዱ ላይ «ለ10 ዓመት» የሚል ቢኖርበትም። ይልቅ ካርዱን ገልጣችሁ እነዚህን ተመልከቱ፦ ስማችሁ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው በፊደል ሳይለያይ ተጽፏል? ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው? የክትባቱ መለያ ቁጥር፣ ፊርማና ማኅተም አለበት? ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተሞላ ባንኮክ ላይ ያለው ሠራተኛ ሊያነበው አይችልም፤ ከመሄዳችሁ በፊት አስተካክሉት።

ሱቫርናቡሚ አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርሱ ቀጥታ ወደ ኢሚግሬሽን ሰልፍ አትሂዱ። ከዚያ በፊት የጤና ቁጥጥር ጠረጴዛ አለ። ፎርም ትሞላላችሁ፣ ካርዱንና ፓስፖርቱን ታሳያላችሁ፣ ማኅተም ይደረግላችኋል። ይህን ዘሎ ረጅሙን ሰልፍ የቆመ ሰው መስኮቱ ጋ ሲደርስ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ሰልፉንም እንደገና ይጀምራል።

የውጭ ፓስፖርት ያላችሁም ልብ በሉ። የሚታየው የፓስፖርቱ ዜግነት ሳይሆን የመጣችሁበት አገር ነው። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ መጥቶ፣ አዲስ አበባ ቤተሰብ ጠይቆ ወደ ባንኮክ የሚያልፍ ሰው ካርዱ ያስፈልገዋል።

«ቪዛው እዚያ ስንደርስ ይሰጣል፣ ለሕክምናም ይበቃል»

የኢትዮጵያ ፓስፖርት መዳረሻ ላይ ቪዛ ከሚሰጣቸው መካከል ሆኖ ቆይቷል። ዝርዝሩ ግን ስለሚከለስ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የታይላንድን መንግሥት የኢ-ቪዛ ገጽ ተመልከቱ። መዳረሻ ላይ የሚሰጠው ቪዛ የሚያስቆየው 15 ቀን ነው። ክፍያው 2,000 ባህት (የታይላንድ ገንዘብ) በጥሬው ነው። ፎቶ፣ በ15 ቀን ውስጥ የሚመለስ ትኬት፣ የማረፊያ አድራሻ እና ለአንድ ሰው 10,000 ባህት የሚያህል ገንዘብ ሊጠየቅ ይችላል።

ለታማሚ 15 ቀን አያዋጣም። ምርመራው፣ የውጤት ጥበቃው፣ ሕክምናው፣ ከዚያ የክትትል ቀጠሮው ሲደመር ጊዜው ያልቃል፤ ቁስል ሳይሽር ለመብረር መሯሯጥም አደጋ አለው። ለሕክምና የምትሄዱ ከሆነ ከሆስፒታሉ የዓለም አቀፍ ታካሚዎች ክፍል የቀጠሮ ደብዳቤና የወጪ ግምት አስልካችሁ አስቀድማችሁ ቪዛ አውጡ። የአንድ ጊዜ መግቢያ የቱሪስት ቪዛ 60 ቀን ያስቆያል፤ እዚያው ኢሚግሬሽን ቢሮ በ1,900 ባህት 30 ቀን ሊራዘም ይችላል። ያለፈቃድ ለሚታለፍ ለእያንዳንዱ ቀን ቅጣቱ 500 ባህት ነው፣ ጣሪያው 20,000።

ከሜይ 1 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ እያንዳንዱ መንገደኛ ዲጂታል የመግቢያ ቅጽ መሙላት አለበት። የሚሞላው ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ ነው፤ ክፍያ የለውም። ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠማችሁ የኢሚግሬሽኑ አይደለም፣ ዝጉት። የመንግሥቱ ገጽ አድራሻ «ዶት ጎ ዶት ቲኤች» ብሎ ያልቃል።

«እኛ አፍሪካውያን ነን፣ ሙቀት ምን ያደርገናል?»

አዲስ አበባ ያደገ ሰው የኖረው ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ጋቢ የሚያስፈልግበት አገር ማለት ነው። ባንኮክ ከባሕሩ እኩል ልትባል ምንም አይቀራት። በፈረንጆቹ ኤፕሪል ቀኑ ከ35 ዲግሪ ያልፋል፤ ሌሊቱም አይበርድም። ከቁጥሩ በላይ የሚጎዳው ግን እርጥበቱ ነው፦ ላብ ሳይተን ቆዳ ላይ ይቀራል፣ ሰውነትም የሚቀዘቅዝበትን መንገድ ያጣል። የድሬዳዋና የአፋር ሰው እንኳ የለመደው ደረቅ ሙቀት ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊትና ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ውጡ። ውሃ ብቻ ሳይሆን ጨውም ስለሚወጣ ኦ.አር.ኤስ. ከረጢት በቦርሳ ያዙ። ለሕክምና የመጡ አዛውንት ካሉ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ የውሃ ሽንት ኪኒን የሚወስድ ሰው ፈሳሹ ቶሎ ያልቃል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምር ወደ ጥላ ወይም ቀዝቃዛ ክፍል ግቡ። ሰውየው ግራ ከተጋባ ወይም የሚናገረው ካልተያያዘ አትጠብቁ፣ አምቡላንስ በ1669 ጥሩ። በተቃራኒው የገበያ ማዕከሉና ባቡሩ በማቀዝቀዣ ብዛት ያንቀጠቅጣሉ፤ ስስ ሹራብ ያዙ።

«ዝናቡ በመላ አገሪቱ አንድ ጊዜ ነው»

አይደለም። በምዕራብ በኩል ባለው በአንዳማን ባሕር ያሉት ፑኬትና ክራቢ ከሜይ እስከ ኦክቶበር ዝናብ ላይ ናቸው። በምሥራቁ ባሕረ ሰላጤ ያለችው ኮ ሳሙይ ደግሞ ከባዱን ዝናብ የምታገኘው ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ነው። ስለዚህ በኖቬምበር ባሕር ማየት የፈለገ ሰው ወደ ፑኬት እንጂ ወደ ሳሙይ ባይሄድ ይሻለዋል። ባንኮክ ላይ ኃይለኛው ሴፕቴምበር ነው፤ ዝናቡ ብዙ ጊዜ አመሻሽ ላይ ወርዶ መንገዱን ያጥለቀልቃል፣ ታክሲም ይጠፋል። የዚያን ቀን በባቡር ሂዱ።

ባሕሩ ዳር ቀይ ባንዲራ ካያችሁ ጉልበት ድረስ እንኳ አትግቡ። ወደ ጥልቁ የሚጎትት ሞገድ ከያዛችሁ ቀጥታ ወደ ዳር ለመመለስ አትታገሉት፤ ኃይላችሁን የሚጨርሰው ትግሉ ነው። ጎን ለጎን ከዳሩ ጋር ትይዩ ዋኙ፣ ከሞገዱ ስትወጡ ወደ ዳር ተመለሱ። ዋና የማይችል ሰው ደግሞ ባሕሩ ጸጥ ብሎ ቢታይም ከወገቡ አይለፍ።

«የወባ ኪኒን ከወሰድን ከትንኝ በሽታ ድነናል»

ባንኮክ፣ ፑኬትና ሳሙይ ወባ አያሰጋም፤ ስጋቱ ያለው በተለይ በምያንማርና በካምቦዲያ ድንበር ደኖች ነው። ከተማ ውስጥ የሚያሰጋው ዴንጊ ነው፤ የወባ ኪኒን ደግሞ ለዴንጊ ምንም አያደርግም። የዴንጊ ትንኝ የምትነክሰው በቀን ነው፣ በተለይ ጠዋትና ከመምሸቱ በፊት። አጎበር ለማታ ይጠቅማል፣ ለእርሷ አይበቃም። ከ20 እስከ 30 በመቶ ዲት (ትንኝ የሚያባርር ንጥረ ነገር) ያለው ቅባት ተቀቡ፤ የፀሐይ ክሬም የምትጠቀሙ ከሆነ መጀመሪያ ክሬሙን፣ ሲደርቅ የትንኙን።

ድንገት ከፍተኛ ትኩሳት፣ ከዓይን ጀርባ ሕመምና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ከመጣ ፓራሲታሞል ብቻ ውሰዱ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ደም መፍሰስን ያባብሳሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ትኩሳቱ ሲወርድ «ዳንኩ» ብሎ ሐኪም ቤት ሳይሄዱ መቅረት ያሳስታል፤ አደገኛው ጊዜ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው። ከባድ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም የድድ መድማት ከታየ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ። አገር ቤት ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ትኩሳት ቢይዛችሁም ከታይላንድ መምጣታችሁን ለሐኪሙ ንገሩ፤ ካልነገራችሁት የሚፈልገው ወባና ታይፎይድ ነው።

«በረዶ በጭራሽ አይነካም»

የቧንቧ ውሃ አትጠጡ፤ ይህ ልክ ነው። በረዶው ግን ይለያያል። መሃሉ ቀዳዳ ያለው እንደ ቧንቧ ክብ በረዶ ከፋብሪካ የሚመጣና ከተጣራ ውሃ የተሠራ ስለሆነ ብዙም አያሰጋም። ከትልቅ ብሎክ ተፈልጦ የመጣ፣ ቅርጽ የሌለው በረዶ ግን ለዓሣና ለሥጋ ማቀዝቀዣም ስለሚውል ይቅርባችሁ።

«ጾመኛ ታይላንድ ውስጥ የሚበላው የለም»

ብዙ ጾመኛ «ቬጂቴሪያን» ብሎ ያዝዝና ተታልሎ ይበላል። ሥጋው ይቀራል እንጂ ወጡ የሚጣፍጠው «ናም ፕላ» በሚሉት የዓሣ መረቅ ወይም በኦይስተር ሶስ ነው፤ የፓፓያው ሰላጣ ውስጥም ደረቅ ሽሪምፕ ይገባል፤ እንቁላልም ሳይነገር ይጨመራል። መጠየቅ ያለባችሁ «ጄ» ብላችሁ ነው። «ጄ» ማለት ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት የሌለበት ምግብ ነው፤ ከእኛ ጾም ጋር ይገጥማል፣ እንዲያውም ከእርሱ ይበልጥ ጥብቅ ነው፤ ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። ምልክቱ ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ የተጻፈ ሁለት ፊደል ሲሆን ለማያነበው ሰው 17 ቁጥር ይመስላል። ያንን 17 በጋሪ፣ በምግብ ቤት በር፣ በታሸገ ምግብም ላይ ታገኙታላችሁ። ሁዳዴ ላይ ለምትሄዱ ይህ ብቻውን ሆድ ይሞላል። ለሙስሊሞች ባንኮክ ውስጥ ሱኩምቪት ሶይ 3 አካባቢ ያለው የዓረቦች ሰፈር የሐላል ምግብ ሞልቶበታል።

በርበሬ ለመድን የምትሉም ቢሆን የመጀመሪያውን ቀን «ማይ ፔት» (አታቃጥሉት) በሉ። የትንሿ ቃሪያ ማቃጠል ከሚጥሚጣ የሚተናነስ አይደለም።

«ዶላር ሁሉ አንድ ነው፣ ኤርፖርት መመንዘርም ያው ነው»

መንዛሪዎች ለባለ 100 እና ለባለ 50 ኖት ከባለ 20፣ ባለ 10 እና ባለ 1 የተሻለ ዋጋ ይሰጣሉ። የተቀደደ፣ የተጻፈበት ወይም በጣም ያረጀ ኖት ሊመለስባችሁ ይችላል። ሻንጣ የምታወጡበት አዳራሽ ያሉት መስኮቶች ዋጋቸው ዝቅ ያለ ነው፤ በአሳንሰር ወደ ምድር ቤቱ፣ ወደ ባቡሩ መግቢያ ብትወርዱ የተሻለ ምንዛሪ የሚሰጡ አሉ። ፓስፖርት ይጠይቃሉ። በካርድ ከኤቲኤም ስታወጡ ባንኩ በእያንዳንዱ ጊዜ 220 ባህት ገደማ ይቆርጣል፤ መጠኑ ቢያንስም ቢበዛም ያው ስለሆነ ደጋግሞ ከማውጣት አንዴ በርከት አድርጎ ማውጣት ይሻላል። ማሽኑ «በራሳችሁ ገንዘብ ላስላላችሁ?» ብሎ ከጠየቀ እምቢ በሉ፤ በባህት ይሁን።

«ቱክቱክ ርካሽ ነው፣ ታክሲ ይዘርፋል»

ሜትሩን የከፈተ ታክሲ የሚጀምረው ከ35 ባህት ነው። ከሱቫርናቡሚ ስትነሱ ከማሽኑ የተራ ወረቀት ትወስዳላችሁ፤ በሜትሩ ላይ 50 ባህት ይጨመራል፣ የፈጣን መንገዱንም ክፍያ ተሳፋሪው ይችላል። ወረቀቱን ለሹፌሩ አትስጡ፣ ዕቃ ከተረሳ የምታገኙት በእርሱ ነው። ሻንጣችሁ ቀላል ከሆነ ባቡሩ በ45 ባህት መሃል ከተማ እስካለው ፓያ ታይ ጣቢያ ያደርሳችኋል፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ቱክቱክ (የእነርሱ ባጃጅ) ግን ሜትር የለውም። ታላቁ ቤተ መንግሥት አጠገብ «ዛሬ በዓል ነው፣ ዝግ ነው፣ በ20 ባህት ሌላ ቦታ ላዙራችሁ» የሚል ሰው መጨረሻው የጌጣጌጥ ሱቅ ነው። ዝግ መሆኑን በሩ ድረስ ሄዳችሁ አረጋግጡ። እዚያው ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ግዴታ ነው፤ እጅጌ በሌለው ልብስ ላይ ነጠላ መደረብ ላይበቃ ይችላል።

መንገድ ስትሻገሩ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ተመልከቱ። ታይላንድ መኪና የሚሄደው በግራ ነው።

«ለግሌ የያዝኩት ትንሽ ነገር ማንም አይጠይቀኝም»

ቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) እና ሺሻ ማስገባት ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ክልክል ነው። ጫት በፍጹም ይዛችሁ አትሂዱ፤ ውስጡ ያለው ካቲኖን በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግበት ነው። ትራማዶልና ኮዴን የሚወስድ ታማሚ ያለሐኪም ማዘዣ አይሂድ፤ መድኃኒቱም ከነማሸጊያው ይሁን። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አይገባም፤ 20,000 ሚሊአምፒር ያለው 74 ዋት-ሰዓት ስለሆነ ከ100ው ገደብ በታች ነው።

«ቀንና ሰዓቱ እንደ ፈረንጆቹ ነው»

ታይላንድ በቡድሃ ዘመን ትቆጥራለች፤ ከፈረንጆቹ 543 ዓመት ይቀድማል። 2025 ለእነርሱ 2568 ነው። ወተት ወይም መድኃኒት ላይ «68» የሚል ካያችሁ 2025 ማለት ነው። ወሮቹ ግን ከፈረንጆቹ ጋር አንድ ናቸው። ሰዓት ላይ ደግሞ ከእኛ ጋር የሚገጥሙበት አለ፦ ከምሽቱ 1 ሰዓትን እነርሱም በንግግር «አንድ» ይሉታል፣ 2 ሰዓትንም «ሁለት»። ይህ እስከ ማታ 5 ሰዓት ብቻ ነው የሚሠራው፤ ትኬትና ቀጠሮ የሚጻፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ለምሳሌ ትኬቱ «15 ቀን፣ 00፡50» ካለ በእኛ አነጋገር የ14 ሌሊት 6 ሰዓት ከ50 ነው። ሻንጣ ይዛችሁ ኤርፖርት የምትገኙት በ14 ማታ፣ 4 ሰዓት ሳይሞላ ነው።