«ለዋናው ታማኝ ይሁኑ» ሲባል፣ ለየትኛው ዋና?

የግሪክ አፈ ታሪክ ወደ ፊልም ሊቀየር ነው በተባለ ቁጥር፣ ካሜራው ገና ሳይነሳ ጠቡ ይጀመራል። አንዱ «ግሪኮች ነጮች ናቸው፤ ጥቁር ተዋናይ እዚያ ምን ይሠራል?» ይላል። ሌላው፣ በተለይ እኛ መንደር፣ «አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ልዕልት ናት፤ ፈረንጅ ሰረቀን» ብሎ ይነሳል። ጽሑፉን ገልጦ ያየ ሰው ግን ከሁለቱም ወገን እምብዛም አይገኝም።

«ሐውልቶቹ ነጭ ናቸው፤ ሰዎቹም ነጭ ነበሩ።» ሐውልቶቹ ቀለም የተቀቡ ነበሩ፤ ፀጉሩም፣ ዓይኑም፣ ልብሱም። ቀለሙን ያጠፋው ዘመን ነው፤ የሰው እጅም አግዟል። በብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት የፓርተኖን (የአቴንሱ ቤተ መቅደስ) ቅርጾች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ይበልጥ እንዲነጡ በመዳብ መሣሪያ ተፍቀዋል።

«ሆሜር ሁሉንም ነጭ አድርጎ ጽፏል።» የኢሊያድና የኦዲሲ ባለቅኔ እንዲህ አልጻፈም። «ክንደ ነጭ» የሚላቸው እንደ አምላኳ ሄራና እንደ ስፓርታዋ ሄለን ያሉ ሴቶችን ነው፤ ይህም ከቤት የማትወጣ እመቤትን ማወደሻ ነው። በጥንታዊዎቹ የአቴንስ ማሰሮዎች ላይም ሴቶች በነጭ፣ ወንዶች በጥቁር ይሳሉ ነበር። ሥዕሉን እንደ መታወቂያ ፎቶ የሚወስድ ሰው የግሪክ ወንዶች ሁሉ ጥቁር ነበሩ ማለት ሊኖርበት ነው! የኦዲሲን ጀግና ኦዲሲየስን በ16ኛው መጽሐፍ አምላኳ አቴና ወደ ቀድሞ መልኩ ስትመልሰው ቆዳው እንደገና ይጠቁራል። በ19ኛው መጽሐፍ ደግሞ የኦዲሲየስ መልእክተኛ ዩሪባቴስ ቆዳው ጥቁር፣ ፀጉሩ ከርዳዳ ተብሏል። የጥቁር ተዋናይ ተቃዋሚዎችም ቢሆኑ ባዶ እጃቸውን አይደሉም። በኢሊያድ 1ኛ መጽሐፍ አቴና የግሪኮቹን ጀግና አኪሊስን ከኋላ ስትይዘው የያዘችው ወርቃማ ፀጉሩን ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2018 ዴቪድ ጊያሲ የተባለው ጥቁር እንግሊዛዊ በቴሌቪዥን ድራማ አኪሊስ ሆኖ ሲተውን «ፀጉሩ አይገጥምም» ያለ ሰው ጥቅስ አለው። «ታሪክ ተዛባ» ያለው ግን የለውም፤ አኪሊስ እናቱ የባሕር አምላክ የሆነች የተረት ሰው ነውና።

አሁን ወደ አንድሮሜዳ፤ ለባሕር አውሬ ታስራ ከተሰጠች በኋላ ጀግናው ፐርሲየስ ወዳዳናት ልዕልት። ነገሩ እጅ እጅ ያለው እዚህ ላይ ነው።

«ኢትዮጵያዊት ናት ስለዚህ ጥቁር ናት፤ አለቀ።» አላለቀም። አባቷ ሴፊየስ የኢትዮጵያ ንጉሥ መባሉ እውነት ነው። ግሪኮች በዚህ ስም የጠሩት አገር ግን ከዘመን ዘመን ቦታው ይለያያል። ሆሜር ዘንድ ኢትዮጵያውያን በዓለም ዳርቻ፣ ከፊሉ ፀሐይ መውጫ ከፊሉ ፀሐይ መግቢያ ይኖራሉ። ግሪካዊው ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ዘንድ ዋና ከተማቸው ሜሮዌ ነው፤ ዛሬ ሱዳን ውስጥ ያለው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት ሮማዊው ፕሊኒና አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ፍላቪየስ ዮሴፍ ደግሞ ልጅቷ የታሰረችው በኢዮጴ (በዛሬዋ ጃፋ) ነው ይላሉ፤ የሰንሰለቷ ምልክት በድንጋዩ ላይ ይታያል እየተባለ። ቴል አቪቭ አካባቢ ያሉ ወገኖቻችን በጃፋ ወደብ በስሟ የሚጠራውን ድንጋይ ሳያዩት አይቀሩም።

መልኳም እንዲሁ ነው። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ ግሪካዊቷ ባለቅኔ ሳፎ እንደጻፈችው አድርጎ ባዘጋጀው ደብዳቤ፣ ፐርሲየስ የወደዳት በአገሯ ቀለም ጠይም ሆና ነው ይላል። ያው ኦቪድ በሌላ ሥራው ነፋስ ፀጉሯን ባያወዛውዘው ኖሮ ፐርሲየስ የእብነ በረድ ሐውልት ትመስለው ነበር ይላል። በብሪቲሽ ሙዚየም ባለ የ5ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ክርስቶስ የውሃ እንስራ ላይ እሷ የምትታሰርባቸውን ግንዶች የሚያቆሙት አገልጋዮች የአፍሪካ መልክ አላቸው፤ እሷ ግን የምሥራቅ ልብስ ለብሳ ያለዚያ መልክ ተስላለች። የጥንቱ ግሪክኛ ጸሐፊ የሄሊዮዶሮስ ልብ ወለድ ደግሞ ይባስ ይላል። ጥቁር ኢትዮጵያዊት ንግሥት ነጭ ልጅ ትወልዳለች፤ ምክንያቱም በፅንሱ ሰዓት የአንድሮሜዳን ሥዕል እያየች ነበር።

ስለዚህ ጠይም ተዋናይት የሚመርጥ ዳይሬክተርም፣ ነጭ የሚመርጥም ጥንታዊ ምስክር አለው። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው «ክላሽ ኦቭ ዘ ታይታንስ» ፊልም ላይ ልጅቷን የኢዮጴ ልዕልት ማድረጋቸውም ከራሳቸው ያመጡት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 እንደገና የተሠራው ግን ወደ አርጎስ፣ ወደ ፐርሲየስ አያት አገር አዛወራት። የሚገርመው፣ በሁለቱም ፊልሞች የመጣባት አውሬ «ክራከን» ነው፤ የስካንዲኔቪያ ባሕረኞች ተረት። ስለ ቆዳ ሲጮህ የከረመ ሰው ግን ስለ ክራከን ሲጮህ አልሰማሁም።

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የትሮይ ፊልምም ከዚህ አይሻልም። የሄለንን ባል ሜኔላውስን የትሮዩ ልዑል ሄክተር ገደለው፤ ሆሜር ዘንድ ሜኔላውስ ከሄለን ጋር ስፓርታ ገብቶ በሰላም ይኖራል። የግሪኮቹን የጦር መሪ አጋሜምኖንን ምርኮኛዋ ብሪሴይስ ገደለችው፤ በተረቱ ግን አገሩ ሲገባ የሚጠፋው በሚስቱ ሴራ ነው። አማልክቱም ከጦርነቱ ወጡ። ይህን ሁሉ ያለፈ ዓይን በተዋናዩ ቆዳ ላይ ብቻ ሲያፈጥ፣ ጭንቀቱ ታማኝነት አለመሆኑ ግልጽ ነው።

ክርክር ውስጥ የምትገቡ ከሆነ በዚህ ቅደም ተከተል ጠይቁ። መጀመሪያ፣ የትኛው ጽሑፍ፣ ስንተኛው መጽሐፍ? «ኢሊያድ» ካሏችሁ የእንጨቱ ፈረስም የአኪሊስም ሞት እዚያ ውስጥ እንደሌሉ አስታውሷቸው። ቀጥሎ፣ ጥቅሱ ስለ ፀጉር ነው፣ ስለ ቆዳ ወይስ ስለ አገር? ሦስቱን ማደባለቅ ዋናው ስህተት ነው። በመጨረሻ፣ ፊልሙ ሌላ ምን ቀየረ?

«ጥንት ግሪኮች በመልክ ይመርጡ ነበር» የሚለውንማ አንድ መስመር ይበቃዋል፦ በአቴንስ ትራጄዲ ሄለንንም ሜዲያንም የሚጫወቱት ጭምብል ያጠለቁ ወንዶች ነበሩ።

«ጥቁር ሰው የሚያስፈልገው ገጸ ባሕርይ በትሮይ ጦርነት የለም» የሚሉም አሉ። ሜምኖንስ? የኢትዮጵያውያን ንጉሥ፣ የትሮዩ ንጉሥ የፕሪያም የወንድም ልጅ፣ ሠራዊቱን ይዞ ትሮይን ሊረዳ መጥቶ በአኪሊስ እጅ የወደቀ። ሮማዊው ባለቅኔ ቨርጂል «ጥቁሩ ሜምኖን» ይለዋል፤ ኦዲሲ ደግሞ ከመልከ መልካሞቹ ሁሉ በላይ ያደርገዋል። የ2004ቱ ፊልም ስሙን እንኳ አላነሳውም፤ ስለ ሜምኖን ግን «ዋናው ተዛባ» ብሎ ሲጮህ የሰማሁት ሰው የለም።