ኮሚክስ ምንድን ነው? የተደረደረ ሥዕል ሁሉ ኮሚክስ አይደለም

የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ፣ ብዙውን ጊዜ በ44 ትንንሽ ሥዕሎች፣ የተደረደረበትን ሸራ የማያውቅ የለም። «የዓለም የመጀመሪያው ኮሚክስ የእኛ ነው» የሚል አስተያየት ሰጪ ይህንኑ ሸራ እየጠቀሰ ሲከራከር አየሁ። አባባሉ ሲደጋገም ዝም ማለት ከበደኝ። ሸራው የሚከበር ጥበብ ነው፤ ኮሚክስ ግን አይደለም።

ማርና ውሃ ሲቀላቀሉ ብርዝ ይሆናሉ። ብርዝ ይጣፍጣል፤ ጠጅ የሚሆነው ግን ጌሾ ገብቶበት ሲብላላ ነው። የሸራውን ታሪክ አስቀድመን እናውቀዋለን፤ ከሥዕሉ ጋር ያለው ጽሑፍም በአብዛኛው ያየነውን መልሶ ይነግረናል። አንዱ ቢነሳ ሌላው ብዙ አይጎድልበትም። ብርዝ ነው። የኮሚክስ ጌሾ በሁለት ክፈፎች (በመስመር በተከለሉ ሥዕሎች) መካከል ያለው ክፍተት ነው። በአንዱ ክፈፍ ሰውየው መስኮት ላይ ቆሟል፤ በቀጣዩ መሬት ላይ ተዘርሯል። ሲወድቅ ማንም አልሣለውም፤ የሚያብላላው አንባቢው ነው።

ይህን አውቆ የሠራበት የጄኔቫው መምህር ሮዶልፍ ቶፕፈር ነው። «ሙሴ (አቶ) ቪዩ ቧ» የተባለ ሰው የሥዕል ታሪክ በ1827 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሣለ። ሌሎች ረቂቆቹን ጀርመናዊው ባለቅኔ ጎተ አይቶ አደነቀለት፤ ቶፕፈርም ለማሳተም ደፈረ። ሥዕሎቹ ያለ ጽሑፉ ትርጉማቸው እንደሚደበዝዝ፣ ጽሑፉም ያለ ሥዕሎቹ ምንም እንደማይል ራሱ ጽፏል።

የህትመት ሰው ነኝና ይህን ሳልጨምር አላልፍም። በተለመደው የድንጋይ ህትመት ጽሑፍ ድንጋዩ ላይ ተገልብጦ መጻፍ ነበረበት። ቶፕፈር ግን በልዩ ወረቀት ላይ በቀጥታ ጽፎና ሥሎ ወደ ድንጋዩ የሚያስተላልፍ ዘዴ ተጠቀመ። ፊደሉና መስመሩ ከአንድ ብዕር የወጡት በዚህ ምክንያት ነው። ዓመት ጠቅሶ መከራከርም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የመጀመሪያ መጽሐፉ ሽፋን 1833 ይላል፣ ለአንባቢ የተሠራጨው ግን በ1835 ነው።

ሌሎች ደግሞ የኮሚክስን ልደት ወደ 1896 ያወርዱታል። በዚያ ዓመት በኒው ዮርክ ጋዜጣ ላይ ሪቻርድ አውትኮልት የሣለው «ቢጫው ልጅ» የተባለ ገጸ ባሕርይ በንግግር ፊኛ (የተናጋሪው ቃል በሚጻፍበት ክብ) ተናገረ፤ ቶፕፈር ደግሞ ፊኛ አልነበረውም ይላሉ። የቶፕፈር ሥራ ግን በእንግሊዝኛ እዚያው ኒው ዮርክ በ1842 ታትሟል። ፊኛውም ቢሆን በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ የፌዝ ሥዕሎች ላይ ሞልቶ ነበር። እነዚያ በአብዛኛው ነጠላ ሥዕሎች ናቸው፤ አንባቢ የሚሻገረው ክፍተት የላቸውም።