የሽጉጥ ሴፍቲ፦ አመጣጡ፣ አሠራሩና ክርክሩ

ሴፍቲ በሽጉጥ ጎን ላይ ያለ፣ በአውራ ጣት የሚገፋ ትንሽ ቁልፍ ነው። ሲቆለፍ ቃታው ቢሳብም ጥይት አይወጣም። ሥራው ሽጉጥ እንዳይባርቅ መጠበቅ ነው። ሁሉም ሽጉጥ ግን ይህ ቁልፍ የለውም። ሊኖረው ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ አስቆጥሯል። ይህ ዳሰሳ በአብዛኛው የተደገፈው በጦር ሠራዊት ሽጉጦች ታሪክ ላይ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የድሮ ሪቮልቨሮች፣ ማለትም ጥይት በሚሽከረከር ባለ ቀዳዳ ከበሮ የሚይዙ ሽጉጦች፣ አብዛኞቹ ሴፍቲ አልነበራቸውም። የ1873ቱ ኮልት ስድስት ጥይት ቢይዝም ጠንቃቃ ሰው አምስት ብቻ ያጎርሰው ነበር። መዶሻው፣ ማለትም ጥይቱን መትቶ የሚያፈነዳው ብረት፣ ባዶው ቀዳዳ ላይ ስለሚያርፍ ሽጉጡ ቢወድቅም የሚፈነዳ ነገር አይኖርም። በ1887 የአሜሪካው ኩባንያ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን እጀታው ካልተጨበጠ የማይተኩስ ሪቮልቨር አወጣ።

ነገሩ የከረረው ራሳቸውን በራሳቸው የሚያቀባብሉ ሽጉጦች ሲመጡ ነው። እነዚህ አንዴ ከተተኮሱ በኋላ መዶሻቸው ተቀስሮ፣ አዲስ ጥይት ጎርሶ ይጠብቃል። ቃታው ትንሽ ከተነካ አለቀ። የአሜሪካ ሠራዊት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አዲስ ሽጉጥ ሲያፈላልግ ዋና ጭንቀቱ ፈረሰኛው ነበር። ፈረሰኛ በአንድ እጁ ልጓም፣ በሌላው ሽጉጥ ይይዛል። ተኩስ ጀምሮ መሃል ላይ ፈረሱ ቢደነብርስ? የተቀባበለውን ሽጉጥ ምን ያድርገው? በሚዘል ፈረስ ላይ ሆኖ የተቀሰረ መዶሻ በአንድ አውራ ጣት ቀስ አድርጎ ማውረድ አደጋ ነው። ሽጉጡን የነደፈው ጆን ብራውኒንግ በመጀመሪያ ያበጀለት የእጀታ ሴፍቲ ነበር፤ ሲጨበጥ ይከፈታል፣ ሲለቀቅ ይቆለፋል። ሠራዊቱ ይህ አልበቃውም። በ1910ሩ ናሙና ላይ በሽጉጡ ግራ ጎን፣ አውራ ጣት ያለ ችግር የሚደርስበት ቦታ ላይ፣ ቁልፍ አስጨመረ። በመጋቢት 1911 በተደረገው የመጨረሻ ፈተና ይህ ሽጉጥ 6,000 ጥይት ሲተኮስበት አንዴም አልነከሰም። በዚያው ወር ማብቂያ ኤም 1911 ተብሎ የሠራዊቱ መደበኛ ሽጉጥ ሆነ።

ዛሬ ብዙ ተኳሾች 1911ን አቀባብሎ፣ ቆልፎ መያዝ የብራውኒንግ ሐሳብ ነበር ይላሉ። ይህ አከራካሪ ነው። የሠራዊቱ የሥልጠና መመሪያ ወታደሩ በሰላሙ ጊዜ ጥይት ሳያጎርስ እንዲይዘው ያዝዝ ነበር። ሴፍቲው የሚያገለግለው ውጊያ ሲቃረብ፣ ለአጭር ጊዜ ነበር።

አውሮፓ ውስጥ የጀርመኑ ሉገር በ1908 የጦሩ ሽጉጥ ሲሆን የራሱ ቁልፍ ነበረው። የሶቪየቱ ቶካሬቭ ግን ሴፍቲ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ መዶሻውን ግማሽ መንገድ ላይ ከማቆም በቀር። አሜሪካ የ1968ቱን የመሣሪያ ሕግ ስታወጣ እዚያ መሸጥ የፈለጉ የቶካሬቭ ዓይነት ሽጉጦች ቁልፍ እየታከለላቸው ገቡ።

ከደርግ ዘመን ወዲህ እኛ አገር ስሙ የታወቀው ማካሮቭ ይህን ጉዳይ በደንብ አስቦበታል። ሶቪየት ኅብረት በ1951 የተቀበለችው፣ 730 ግራም የሚመዝን፣ ካዝናው ስምንት ጥይት የሚይዝ ሽጉጥ ነው። ቁልፉን ወደ ላይ ስትገፋው አንድ እንቅስቃሴ ብዙ ሥራ ይሠራል። የተቀሰረው መዶሻ በሰላም ይወርዳል። የላይኛው ተንሸራታች ብረት ይቆለፋል። ቃታውም አይሠራም። ወደ ታች ሲገፋ ሽጉጡ ዝግጁ ነው፤ የመጀመሪያው ስበት ግን ከበድ ያለ ስለሆነ ጣት ስለነካው ብቻ አይባርቅም። 

የቁልፉ አቅጣጫ ግን ከሽጉጥ ሽጉጥ ይለያያል። ኤም 1911 እና ማካሮቭ ወደ ታች ሲገፉ ይከፈታሉ። የጀርመኑ ዋልተር ፒ 38 እና አሜሪካ በ1985 የመረጠችው ቤሬታ ደግሞ ወደ ላይ ሲገፉ ነው የሚከፈቱት። በአንዱ የሠለጠነ ሰው ሌላውን ቢይዝ በጭንቅ ሰዓት አውራ ጣቱ ተሳሳተ ማለት ነው። ሴፍቲ አያስፈልግም ከሚሉት ክርክሮች ይኸኛው ሚዛን ይደፋል።

ኦስትሪያዊው ጋስተን ግሎክ በ1982 ለአገሩ ጦር ያቀረበው ግሎክ 17 ነገሩን ከሥሩ ለወጠው። በጎኑ ላይ ምንም ቁልፍ የለም። ቃታው መሃል ላይ ትንሽ ምላስ አለች፤ ጣት እሷን ካልተጫነ ቃታው አይሄድም። ውስጡ ያሉ ሌሎች ሁለት መከላከያዎች ሽጉጡ ቢወድቅ እንዳይባርቅ ይይዙታል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ጣትህ ቃታው ላይ ከሌለ ሽጉጡ አይተኩስም። ችግሩ ቃታውን የሚስበው ሁልጊዜ ጣት አለመሆኑ ነው። አፎት ውስጥ የገባ የጃኬት ገመድም ይስበዋል። የሕፃን እጅም እንዲሁ። የኒውዮርክ ፖሊስ በ1990ዎቹ ግሎክ ሲያስገባ ቁልፍ አላስጨመረም፤ ቃታውን አከበደው። መደበኛው ወደ 2.5 ኪሎ ሲሆን የኒውዮርኩ 5.4 ኪሎ ገደማ ጉልበት ይጠይቅ ነበር። ከበድ ሲል ደግሞ ማነጣጠሩ ይበላሻል።

ቁልፍ ይኑር የሚሉት ሌላም ነጥብ አላቸው። ፖሊስ ሽጉጡን ቢነጠቅ ነጣቂው ቁልፉን እስኪያገኝ ጥቂት ሰከንድ ይተርፋል። ተቃዋሚዎቹ ያው ሰከንድ ባለቤቱንም ሊያስገድለው ይችላል ይላሉ።

እስራኤል የሚኖሩ አንባቢዎች ሦስተኛውን መንገድ ያውቁታል። ካዝናው ገብቶ ጥይት ሳይጎርስ ይያዛል፤ ሽጉጡ ሲመዘዝ ይቀባበላል። ሽጉጡ ምንም ዓይነት ቁልፍ ቢኖረው ሥልጠናው አንድ ነው። ሁለት እጅ መፈለጉ ግን ጉድለቱ ነው።

ጦር ሠራዊቶች እስካሁን አልተስማሙም። ብሪታንያ በ2013 የቆየውን ብራውኒንግ የሚባል ሽጉጥ ትታ ቁልፍ የሌለው ግሎክ 17 ገዛች። አሜሪካ በ2017 የሲግ ሳወር ኩባንያን ሽጉጥ ስትመርጥ የአውራ ጣት ሴፍቲ ያለው ኤም 17 ነው የወሰደችው፤ ግሎክም ለዚያ ውድድር ቁልፍ ያለው ሽጉጥ አቅርቦ ነበር። የኤም 17 የገበያ ወንድም የሆነው ፒ 320 በአብዛኛው ያለ ቁልፍ ይሸጣል። በዚያው ዓመት በተወሰነ ማዕዘን ሲወድቅ ሊተኩስ እንደሚችል ታይቶ ኩባንያው በነፃ ማስተካከያ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ቃታ ሳይሳብ ባረቀብን የሚሉ ሰዎች ከሰውታል። ኩባንያው ሽጉጡ ጉድለት የለበትም ይላል። በ2024 በጆርጂያና በፊላደልፊያ ዳኞች ለከሳሾች ካሳ ወስነዋል፤ ውድቅ የተደረጉ ክሶችም አሉ።

አንዳንድ ፋብሪካዎች ክርክሩን ለገዢው ትተውታል። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ኤም ኤንድ ፒ የሚባለውን ሽጉጡን በሁለቱም ዓይነት ይሸጣል፤ አንዱ ቁልፍ አለው፣ ሌላው የለውም።