«የወደቀው ሰነፍ ስለሆነ ነው» እና ሌሎች ስለ ትምህርት የሚነገሩ ስህተቶች

የትምህርት ሶሺዮሎጂን ጎንደር ላይ የሚያስተምር ሰው የፈተና ውጤት በተለቀቀ ሰሞን ሰርግ ቤትም ሄደ ለቅሶ ቤት የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፤ «የዛሬ ልጅ ሰነፍ ነው፤ ጎበዝ ቢሆን የትም ተምሮ ያልፍ ነበር» ይሉታል። ይህን ፍርድ ከመንካቴ በፊት ቀለል ያሉትን ስህተቶች ላንሳ።

«የትምህርት ሶሺዮሎጂ የማስተማር ዘዴ ነው።» አይደለም፤ ትምህርት ቤት በኅብረተሰቡ ውስጥ ማንን ከፍ እንደሚያደርግና ማንን ባለበት እንደሚያስቀር የሚመረምር ጥናት ነው።

«በአገራችን ትምህርት የተጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው።» ያኔ የተጀመረው ዘመናዊው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። የአቋቋም (የቤተ ክርስቲያን ዝማሜ) ሊቃውንት የሚመሰከርላቸው የበዓታ ቤተ ክርስቲያን ባለችበት በጎንደር ተቀምጦ፣ ከፊደል ተነሥቶ በዳዊት፣ በዜማና በቅኔ አልፎ እስከ መጻሕፍት ትርጓሜ የሚዘልቀውን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሥርዓት ከትምህርት አለመቁጠር ያስተዛዝባል።

አሁን ወደ «ሰነፍ» እንመለስ። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በሁለቱም ዓመታት ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ስንፍና የግለሰብ ጠባይ ከሆነ፣ ሰነፎቹ ሁሉ በነዚያ ግቢዎች ተለይተው እንዴት ተሰበሰቡ? ለዚህ መልስ ያለው ፈራጅ እስካሁን አልገጠመኝም።

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ጄምስ ኮልማንና ባልደረቦቹ ከ600,000 በላይ ተማሪዎችን አጥንተው በ1966 እ.ኤ.አ. ባወጡት ዘገባ፣ የውጤትን ልዩነት ከትምህርት ቤቱ ቁሳቁስ ይልቅ የተማሪው የቤተሰብ ሁኔታ እንደሚያብራራው አሳይተዋል። ፈረንሳዊው ፒየር ቡርዲዩ ደግሞ ነገሩ የገንዘብ ብቻ እንዳልሆነ አስረድቷል፤ ትምህርት ቤት የሚፈልገውን ቋንቋና ልማድ ከቤቱ ይዞ የመጣ ልጅ ቀድሞ የተዘጋጀ ሆኖ ሳለ፣ መምህሩ ዝግጅቱን ተሰጥኦ ብሎ ይቆጥርለታል።

ከደንቢያ ገጠር መጥታ አዘዞ ከጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትማር ልጅ አውቃለሁ። ቅዳሜ ስንቅ ልታመጣ ወላጆቿ ዘንድ ትሄድና እሑድ እንጀራና ሽሮ ተሸክማ ትመለሳለች፤ እንጀራው ካለቀ በድርቆሽ ትሰነብታለች። ደብተሯን የምትገልጠው ውኃ ቀድታና ወጥ ሠርታ ስትጨርስ ሲሆን፣ አከራይዋ ደግሞ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ መብራት ያጠፋሉ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የምትማርበትን እንግሊዝኛ ከክፍል ውጭ የምትሰማበት ቦታ የላትም። የእሷንና የአስተማሪ ልጅን ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጦ የጉብዝናቸው ልክ ይኸው ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ይህን ስናገር ተማሪዎቼ «ታዲያ ጥረት ከንቱ ነው?» ይሉኛል። ጥረትማ ይለያያል፤ ሆኖም የሁለት ልጆችን ጥረት ለማነጻጸር መጀመሪያ የሚጥሩበት ሰዓትና ብርሃን ሊኖራቸው ይገባል።

«የግል ትምህርት ቤት ጎበዝ ያደርጋል» የሚለውም የዚሁ ስህተት ሌላ ፊት ነው። አንዳንዱ በመግቢያ ፈተና መርጦ ተቀብሎ፣ የደከመውን መንገድ ላይ ሸኝቶ፣ የቀሩትን ውጤት በባነር ይሰቅላል። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ስንት ልጅ በመግቢያ ፈተና እንደተመለሰ፣ 9ኛ ክፍል ከገቡትም ስንቱ እዚያው ሆነው 12ኛን እንደተፈተኑ ጠይቁ፤ በቃል ሳይሆን ከመዝገብ ያሳዩአችሁ።