«የተበላ ነው» እያላችሁ ፖስታ ለምታስገቡ

ባሕር ዳር ውስጥ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ግማሹ ደንበኛዬ ተማሪ ነው። ግማሹ ከመሸንቲ፣ ከዘጌ፣ ከሐሙሲት፣ ከአንዳሳ በኩል የጨረታ ሰነድ በፌስታል ጠቅልሎ የሚመጣ ሰው ነው። የትምህርት ቤት ሳር፣ የቁም ባሕር ዛፍ፣ ከመንጋ የተቀነሰች ላም፣ የተወረሰ ከሰል፣ ያረጀ የውሃ ፓምፕ፤ ሁሉም በጨረታ ይወጣል። ሰነዱን ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጡ ደግሞ አንዲት ነገር አትቀርም። «መቼም የተበላ ነው። ዝም ብዬ ልሞክር ብዬ ነው።»

አሸናፊው አስቀድሞ ተወስኗል ማለታቸው ነው። ሰለቸኝ። እኔ የማየው ብዙ ፖስታ የሚወድቀው በባለቤቱ በራሱ እጅ ነው። እሱን በሰፊው እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ከደንበኞቼ የምሰማቸውን ሌሎች የተሳሳቱ አባባሎች ቶሎ ቶሎ ላንሳ።

«12 ቀን ሚካኤል ነው፣ ጨረታ አይከፈትም።» ይከፈታል። ማስታወቂያው «የመክፈቻው ቀን በዓል ከሆነ በሚቀጥለው የሥራ ቀን» ሲል የሚያወራው ቢሮ ስለሚዘጋበት በዓል ነው። በ12፣ በ21፣ በ29 ገበሬው በሬ አይጠምድም። ቢሮው ግን ኅዳር ሚካኤልን ለሚያህል በዓል እንኳ አይዘጋም።

«15 ቀን ማለት 15 የሥራ ቀን ነው።» «ተከታታይ ቀናት» ካለ ቅዳሜም እሑድም ይቆጠራሉ።

«ከበለጡኝ እዚያው እጨምራለሁ።» ይኼ የሚሠራው በሐራጅ ነው። እዚያ ዋጋ በቃል ይጠራል፣ አንዱ ሲጨምር ሌላው ይሰማል። በታሸገ ፖስታ ከሆነ ግን ያለቻችሁ አንድ ዕድል ናት። ፖስታው ከተቀደደ በኋላ «አንድ ሺህ ጨምሩልኝ» ብትሉ የሚሰማችሁ የለም።

«ካሸነፍኩ በኋላ ባልፈልገው እተወዋለሁ።» ተዉት። ለመጫረት ያስያዛችሁት ገንዘብ፣ የጨረታ ማስከበሪያችሁም አብሮ ይቀራል። የባንክ ሐራጅ ላይ ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው የመነሻ ዋጋው ሩብ በሲፒኦ፣ ማለትም ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ ነው። አሸንፎ ቀሪውን በተባለው ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ15 ቀን ውስጥ፣ ያልከፈለ ሰው ያስያዘውን ያጣል። የስም ማዛወሪያው ወጪም ብዙ ጊዜ በገዢው ላይ ነው።

«በደብሩ በዓል በጉ በዚህን ያህል ወጣ፤ ገበያው ጨምሯል ማለት ነው።» አይደለም። የስለት በግ፣ የስለት ጥላ ጨረታ ላይ ሰው የሚከፍለው ለበረከት ነው። ያሸነፈው ሰው እዚያው መልሶ ለደብሩ ሰጥቶት በድጋሚ ሲጫረቱበት አይቻለሁ። ያንን ዋጋ ይዞ ቅዳሜ ገበያ የሚወርድ ነጋዴ አምላክ ይርዳው።

«መሬት በሐራጅ ገዛሁ።» አልገዛችሁም። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ላይ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። በገጠር በሐራጅ የሚወጣው በላዩ ያለው ነገር ነው፤ ቤቱ፣ ዛፉ፣ አዝመራው። በ2016 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 ገበሬው የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር ይፈቅዳል። የሚያዘው መጠቀሙ ነው እንጂ መሬቱ አይደለም። «የይዞታ ደብተሩ በእጄ ነው፣ እሸጥልሃለሁ» የሚል ሰው ከገጠማችሁ ሻይ ጋብዙትና ሸኙት።

«ዕዳ ካለብህ በሬህን ወስደው በሐራጅ ይሸጡታል።» ይህቺ ትንሽ ቆም ታሰኛለች፣ ምክንያቱም ሰው በማስፈራሪያ ይጠቀምባታል። አራጣ አበዳሪ «ፍርድ ቤት ወስጄ በሬህን አሸጣለሁ» ሲል ገበሬው ደንግጦ በሬውን ራሱ ገበያ ያወጣዋል። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 404 ግን በፍርድ የማይያዙ ንብረቶችን ዘርዝሯል። ባለዕዳው ገበሬ ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ ለኑሮው ያስፈልጉታል የሚላቸው ከብቶችና የዘር እህል አይነኩም። ለእሱና ለቤተሰቡ ለሦስት ወር የሚበቃ ቀለብ አይነካም። መኝታና የማብሰያ ዕቃም እንደዚያው። ይህ ማለት ግን አሥራ አምስት ከብት ያለው ሰው ሁሉም ይተርፉለታል ማለት አይደለም። ለእርሻው ከሚያስፈልገው በላይ ያለው ይሸጣል። ማስታወቂያው ቀበሌው ላይ ተለጥፎ ጥንድ በሬያችሁን ከዝርዝሩ ውስጥ ካያችሁት፣ ማልቀሱን ለኋላ አቆዩትና ለፍርድ ቤቱ በጽሑፍ አመልክቱ። ዝም ካላችሁ ማንም አያስታውስላችሁም።

አሁን ወደ ዋናው። «ጨረታው የተበላ ነው።»

ሸር የለም አልልም። አለ። ግን የማየውን ልንገራችሁ። አንድ አባት የትምህርት ቤት ባሕር ዛፍ ሊጫረቱ መጡ። ቅጹን የሞላላቸው የወንድማቸው ልጅ ነው። ዋጋ በቁጥር፦ 46,000። ዋጋ በፊደል፦ «አራት ሺህ ስድስት መቶ ብር»። «አባቴ፣ ይኼ ፊደሉ ተሳስቷል» አልኳቸው። «ቁጥሩ ይታያል እኮ፣ ልጄ» አሉኝ። ይታያል። ግን ቁጥርና ፊደል ሲለያዩ የሚያዘው በፊደል የተጻፈው ነው። እኚህ ሰው በአራት ሺህ ስድስት መቶ ተጫርተው ተሸንፈው፣ ዕድሜ ልካቸውን «በዘመድ ተሰጠ» እያሉ ሊኖሩ ነበር። አዲስ ቅጽ ሞላንላቸው።

ሌላው በንዴት ነበር የገባው። «ትልቁን ዋጋ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ለሁለተኛው ሰጡት! አንብብልኝ!» አለና የሰነዱን ቅጂ ወረወረልኝ። አነበብኩለት። ዋጋው ላይ ፍሉድ ተቀብቷል፣ በፍሉዱ ላይ ሌላ ቁጥር ተጽፏል፣ አጠገቡ ፊርማ የለም። «የአንዱ ዋጋ» በሚለው ዓምድ ውስጥ የጠቅላላውን ዋጋ አስገብቷል። ሁለተኛው ገጽ አልተፈረመበትም። ማስታወቂያውን አወጣሁና ከታች ያለችውን መስመር በጣቴ አሳየሁት። «ስርዝ ድልዝ ያለበትና ያልተፈረመበት ሰነድ ተቀባይነት የለውም» ትላለች። ዝም አለ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እሱን ደግሞ ማን ያነባል!»

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ሰው ማስታወቂያ የሚያነበው ምን እንደሚሸጥና መቼ እንደሚሸጥ ለማወቅ ነው። የሚጥለው ነገር ያለው ግን ከታች ነው፣ በደቃቁ፣ «ማሳሰቢያ» ከሚለው በኋላ። እኔ ማስታወቂያ ሲያመጡልኝ ከታች ወደ ላይ ነው የማነበው።

ከማሳሰቢያዎቹ ደግሞ አንዷ ሰውን ሁሉ ታስቆጣለች። «መሥሪያ ቤቱ የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው።» «አየህ? ለዘመዱ ሊሰጥ ሲያመቻች!» ይሉኛል። ወገኖቼ፣ ይህቺ ዓረፍተ ነገር በኵር ጋዜጣ ላይ በሚወጡ ጨረታዎች በአብዛኞቹ ላይ አለች። አዲስ ዘመን ላይም አለች። የገባው ዋጋ ከተገመተው በታች ከሆነ ሰርዞ እንደገና ለማውጣት የምታገለግል ናት። አንዱን ተጫራች መርጦ ለመስጠት አትፈቅድም።

እውነተኛውን ሸር ላሳያችሁ? እኔ ደጋግሜ ያየሁት ከቢሮው ውስጥ አይደለም፣ ከቢሮው ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ነው። ሦስት ነጋዴዎች ይቀመጣሉ። «አንተ በዚህ አስገባ፣ እኔ ዝቅ አደርጋለሁ፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ተራው የኔ ነው» ይባባላሉ። ተጎጂው ትምህርት ቤቱ ነው፤ ለጠመኔና ለወንበር መግዣ የሚሆነው ንብረት በርካሽ ይሸጥበታል። ይህን የሚያፈርሰው ምንድን ነው? አራተኛ ፖስታ። የእናንተ ፖስታ። «የተበላ ነው» ብሎ ቤቱ የቀረ ሰው ነው ለእነዚያ ሦስቱ ሜዳውን የለቀቀላቸው። ከዚያ ተመልሶ «አላልኩህም?» ይለኛል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ዋጋውን መጀመሪያ በፊደል ጻፉ፣ ከዚያ በቁጥር። ከተሳሳታችሁ ፍሉድ አትቀቡ፤ አዲስ ቅጽ ጠይቁ፤ ሰርዛችሁ አጠገቡ መፈረም የምትችሉት ማስታወቂያው ስርዝ ድልዝን ካልከለከለ ብቻ ነው። ሲፒኦ ስታሠሩ የመሥሪያ ቤቱን ስም ማስታወቂያው ላይ እንደተጻፈው አስጽፉ። ባንክ በመጨረሻው ቀን ጠዋት አትሂዱ፤ «ሲስተም የለም» የሚባለው ሁልጊዜ ያን ቀን ነው። በጥሬ ገንዘብ ማስያዝ ከተፈቀደ ለመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ ያዥ ገቢ አድርጋችሁ በመሂ 1፣ ማለትም በመንግሥት ገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ኮፒውን ፖስታው ውስጥ ክተቱ። ዋናና ቅጂ ለየብቻ ከተባለ ለየብቻ ይታሸግ፣ በላዩም «ዋና» እና «ቅጂ» ተብሎ ይጻፍበት። ሳጥኑ 4:00 ይታሸጋል ከተባለ 4:00 ነው። 4:05 ላይ ከባጃጅ እየዘለለ «መንገድ ተዘግቶ ነው» የሚል ሰው በየጨረታው አይጠፋም።

መክፈቻው ላይ ደግሞ ተገኙ። «ተጫራቾች ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው በተገኙበት» የሚለው ለጌጥ አልተጻፈም። ዋጋው ጮክ ብሎ ይነበባል። የእያንዳንዱን ዋጋ ጻፉ። ከተሸነፋችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ቅሬታ ካላችሁ በተሰጠው ቀን ውስጥ በጽሑፍ አስገቡ። ሸር ካለ የሚያዘው እንዲህ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት መጥቶ እኔ ላይ በመጮህ የተያዘ ሸር የለም።

የቁም ባሕር ዛፍ ካነሳን አይቀር፣ «ዛፉን ከገዛሁ ጉቶውም የኔ ነው» የሚሉ አሉ። በጭራሽ። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ሻጩ የሚቀጥለውን ዙር ከዚያው ይጠብቃል። አንድ ደንበኛዬ ጉቶውን ለማገዶ ነቅሎ ካሣ ክፈል ተብሏል። ከመጫረታችሁ በፊት ቦታው ድረስ ሂዱና በእግራችሁ ዙሩት። ስንቱ አጣና፣ ስንቱ ማገር፣ ስንቱ ወራጅ እንደሚወጣው ቁጠሩ። አይሱዙ በክረምት ይገባበት እንደሆነ ጠይቁ፤ የማንሻ ጊዜው ሐምሌ ላይ ከሆነ የትርፋችሁ ግማሽ ለተሸካሚ ነው።

«ከመንጋ የተወገደች ላም በሽተኛ ናት።» የፎገራ ዝርያ የሚጠናበት የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ሩቅ ስላልሆነ ነው መሰለኝ፣ ስለ ከብት ማስወገድ አስተያየት የሌለው የአካባቢያችን ሰው የለም። የትኛውም የእርባታ ጣቢያ ከብት የሚቀንሰው በብዙ ምክንያት ነው። ያረጀች አለች። ወተቷ ያነሰ አለች። አልፀነስ ያለች አለች። ወንድ ስለበዛ ብቻ የሚወጣ ወይፈን አለ። ለወተት ያልሆነችው ለማድለብ ትሆናለች። ዋናው «ባሉበት ሁኔታ» የሚለውን ማየት ነው፤ ከወሰዳችሁ በኋላ መመለስ የለም። ስለዚህ ቀድማችሁ ጥርሷን እዩ፣ አራቱንም ጡቶቿን ዳስሱ፣ አስነስታችሁ አስኪዷት፣ ለምን እንደተወገደች በግልጽ ጠይቁ።

በመጨረሻ የጠፋ ከብት ማስታወቂያ። እዚህ ላይ ያለው ስህተት ተቃራኒ ነው፤ ሰው ሁሉንም ይጽፋል። ከብት ያገኘ ሰው «ቦቃ፣ ቀኝ ጆሮዋ የተሰነጠቀ፣ ግራ ቀንዷ የጎበጠ» ብሎ ዘርዝሮ ይለጥፋል፤ ማግስቱን ሦስት «ባለቤት» ይመጣለታል፣ ሦስቱም ምልክቱን በቃላቸው ይዘውታል። ያገኛችሁ ከሆነ መጀመሪያ ለቀበሌው አስታውቁ። ማስታወቂያው ላይ «አንዲት ላም ተገኝታለች፣ ምልክቱን ተናግሮ ይውሰድ» ይበቃል። የጠፋባችሁ ከሆነ መልኳን ጻፉ፣ አንዷን ምልክት ግን ለራሳችሁ አስቀሩ። «ላገኘልኝ ወሮታ ከፋይ ነኝ» በሉ፤ መጠኑን መጻፍ ግዴታ አይደለም። ለቄሰ ገበዙ አንድ ኮፒ ስጡ፣ ከቅዳሴ በኋላ ያስነብቡላችኋል። ከግድግዳው ይልቅ እሱ ነው የሚሰማው። ለግድግዳው ደግሞ ስልክ ቁጥራችሁን ከወረቀቱ ግርጌ ደጋግሜ አትምላችሁና በመቀስ እሰነጥቀዋለሁ፤ ያየ ሰው ቀዶ ኪሱ ይከታል። በክረምት ከሆነ ላስቲክ አልብሱት።